የበርና የመስኮት «ካሬ» ምን ምን ይዟል?

ቤት የሚሠራ ሰው ለበርና መስኮት ከሦስት ወርክሾፖች ፕሮፎርማ ቢሰበስብ ሦስት የተራራቁ ዋጋዎች ሊደርሱት ይችላሉ። ሦስቱም «በካሬ ሜትር» የተሰሉ ናቸው። ዝቅተኛውን መርጦ ቀብድ ይከፍላል። ሥራው ሲጋመስ ግን የመስታወቱ ለብቻ፣ የቀለሙ ለብቻ፣ የመግጠሚያው ለብቻ ይጠየቃል። በመጨረሻም ርካሽ የተባለው ዋጋ ከውዱ በልጦ ይገኛል። ጭቅጭቁ የግድ ከማጭበርበር የመጣ ላይሆን ይችላል፤ ገዢና ሻጭ በአንድ ቃል ሁለት የተለያየ ነገር ሲረዱም ይከሰታል።

የመጀመሪያው አሻሚ ቃል ራሱ «በር» ነው። በአማርኛ በር ማለት መግቢያው ክፍተትም፣ ክፍተቱን የሚዘጋውም ነው። የአናጺዎች ቋንቋ ግን ይለየዋል። በግራና በቀኝ የሚቆሙት መቃን፣ ከላይ የሚጋደመው ጉበን፣ ከታች የሚረገጠው ደፍ፣ የሚከፈተውና የሚዘጋው ክፍል ደግሞ መዝጊያ ይባላል። በዛሬው ገበያ መቃኑና ጉበኑ ተጠቃለው «ፍሬም» ተብለዋል። እንግዲህ «የአንድ በር ዋጋ ይህን ያህል ነው» ሲባል መዝጊያው ብቻ ነው ወይስ ከነፍሬሙ? ማጠፊያው፣ ቁልፉና እጀታውስ? ይህ ካልተጻፈ ዋጋው ዋጋ አይደለም።

ልኩ ከየት እስከ የት?

ሁለተኛው ጉዳይ ልኬት ነው። በግድግዳው ላይ የተተወው ክፍተት 1.20 በ1.50 ሜትር ቢሆን ስፋቱ 1.80 ካሬ ሜትር ነው። በአራቱም ጎን 2 ሴንቲ ሜትር ልስን ሲገባበት 1.16 በ1.46፣ ማለትም 1.69 ካሬ ሜትር ገደማ ይሆናል። ልዩነቱ በአንድ መስኮት ኢምንት ነው፤ 100 መስኮት ባለው ሕንፃ ግን ወደ 11 ካሬ ሜትር ይጠጋል። የብረት ፍሬም በተለምዶ ከልስን በፊት፣ አልሙኒየም ደግሞ ከልስን በኋላ ስለሚገጠም ክፍያው በየትኛው ልክ እንደሚታሰብ አስቀድሞ መወሰን አለበት።

ብረትና አልሙኒየም

በብረት ሥራ የሚዘወተረው «ኤል ቲ ዜድ» የሚባለው ፕሮፋይል ነው። ስያሜው የፋብሪካ ስም አይደለም፤ ብረቱ ተቆርጦ ጫፉ ሲታይ የሚሠራቸው የሦስት የላቲን ፊደላት ቅርጾች ነው። «ባለ 28» እና «ባለ 38» የሚባለው የፕሮፋይሉን መጠን ይነግራል እንጂ የላሜራውን ውፍረት አይነግርም። ውፍረቱ በሚሊ ሜትር ለብቻው መጠየቅ ይኖርበታል። ፀረ ዝገት ቀለሙና የማጠናቀቂያ ቀለሙ በዋጋው ውስጥ መኖር አለመኖራቸውም እንዲሁ።

በአልሙኒየም በኩል ዋናው ጥያቄ አከፋፈቱ ነው። «ፊክስ» የተባለው አይከፈትም። «ተከፋች» በማጠፊያ ይከፈታል። «ተንሸራታች» በሐዲድ ላይ ይሄዳል፤ ቦታ አይሻማም፤ ነገር ግን ባለ ሁለት ክንፉ ቢበዛ የሚከፈተው ግማሹ ብቻ ነው። 1.80 ካሬ ሜትር ተንሸራታች መስኮት የገዛ ሰው አየር የሚያገኘው ከ0.90 ካሬ ሜትር ባልበለጠ ክፍተት ነው ማለት ነው።

መስታወት

አንድ ካሬ ሜትር መስታወት በእያንዳንዱ ሚሊ ሜትር ውፍረት 2.5 ኪሎ ግራም ይመዝናል። ባለ 4 ሚሊ ሜትሩ 10 ኪሎ፣ ባለ 6ቱ 15 ኪሎ ነው። ስለዚህ መስታወቱን ማወፈር ብቻውን አይበቃም፤ ማጠፊያውም አብሮ መጠንከር አለበት።

«ቴምፐርድ» የሚባለው በኃይለኛ ሙቀት ግሎ በፍጥነት የቀዘቀዘ መስታወት ሲሆን ሲሰበር ወደ ጥቃቅን ፍንክታሪዎች ይበተናል። ከዚህ ሂደት በኋላ ሊቆረጥ ስለማይችል ልኩ ከተሳሳተ ኪሳራው ሙሉ ነው። «ላሚኔትድ» በሁለት መስታወት መካከል ፕላስቲክ የተጣበቀበት ነው፤ ቢሰነጠቅም ከቦታው አይረግፍም። «ሪፍሌክቲቭ» ደግሞ ቀን ቀን የውስጡን ይሸሽጋል፤ ማታ መብራት ሲበራ ግን ከውጭ ያሳያል።

«ደብል ግላስ» በአዲስ አበባ የተለየ ጥንቃቄ ይጠይቃል። በሁለቱ መስታወቶች መካከል ያለው አየር የታሸገው በባሕር ወለል አካባቢ ባለ ፋብሪካ ከሆነ ከ2,300 ሜትር በላይ ወደሆነችው ከተማ ሲደርስ የውጭው የአየር ግፊት በሩብ ያህል ይቀንሳል። የታሸገው አየር መስታወቱን ወደ ውጭ ያሳብጠዋል፤ ማሸጊያውንም ያስጨንቀዋል። አስመጪው ዕቃውን ሲያዝ የከተማዋን ከፍታ ለፋብሪካው መንገር ያለበት ለዚህ ነው።

የውስጥ በሮች

«ፍላሽ በር» ሁለት ለስላሳ ገጾች ያሉት ነው፤ ሆዱ ግን ባዶ፣ በካርቶን የተሞላ ወይም ድፍን እንጨት ሊሆን ይችላል። ከላይ ሲታይ ሁሉም አንድ ነው፤ ልዩነቱ በክብደቱና ሲያንኳኩት በሚሰጠው ድምፅ ይታወቃል። ተራ ኤምዲኤፍ ውኃ ሲነካው ስለሚያብጥ ለመታጠቢያ ቤት አይመከርም።

አፓርታማ በ«ሴሚ ፊኒሽድ» ለሚገዛና ለሚያሻሽጥም ነገሩ ያው ነው። የውስጥ በሮች በሽያጩ ውስጥ መኖራቸው በውሉ ካልሰፈረ «በርና መስኮቱ ያለቀ ነው» የሚለው የደላላ ቃል ገዢውን ለሌላ ወጪ ይዳርጋል።

ስለዚህ ከቀብድ በፊት በፕሮፎርማው ላይ መስፈር ያለባቸው ነጥቦች ጥቂት ናቸው፦ ልኬቱ ከልስን በፊት ነው ወይስ በኋላ፣ የፕሮፋይሉ መጠንና ውፍረት፣ የመስታወቱ ዓይነትና ሚሊ ሜትር፣ ማጠፊያና ቁልፍ፣ ቀለም፣ ማጓጓዣና መግጠሚያ፣ በመጨረሻም 15 በመቶው ተጨማሪ እሴት ታክስ። 100,000 ብር የተባለ ሥራ ታክሱ ሲጨመርበት 115,000 ብር ነው። እነዚህ ሁሉ ተሟልተው ሲጻፉ ነው የሦስቱን ወርክሾፖች ካሬ ጎን ለጎን አስቀምጦ የትኛው እንደሚረክስ መናገር የሚቻለው።