«ችግር የለም» የሚል መልስ ስንት ያስከፍላል?

የውጭ አገር ገዥ «ዕቃው በወሩ መጨረሻ ጅቡቲ ይደርሳል ወይ?» ብሎ ይጠይቃል። ላኪው «ችግር የለም» ይለዋል። ገዥው የሰማው የተቆረጠ ቀን ነው። ላኪው ሊል የፈለገው ግን «የሚቻለኝን ሁሉ አደርጋለሁ፤ መኪና ከተገኘ፣ ባንኩም ካላዘገየኝ ይደርሳል» ነው። ሁለቱም አልዋሹም። አንዱ የተባለውን ቃል ይዞ ሄደ፤ ሌላው ያልተባለው እንደተሰማለት ቆጠረ። ወሩ አልቆ ዕቃው ሳይደርስ ሲቀር ግን አንደኛው «አታላይ»፣ ሌላኛው «ትዕግሥት የለሽ» ተባብለው ይለያያሉ።

ስለዚህ ዓይነቱ ልዩነት በሰፊው ከጻፉት ምሁራን አንዱ አሜሪካዊው የአንትሮፖሎጂ ሊቅ ኤድዋርድ ሆል ናቸው። እ.ኤ.አ. በ1976 ባሳተሙት መጽሐፍ አንዳንድ ሕዝቦች መልእክታቸውን በቃል ዘርዝረው እንደሚያስቀምጡ፣ ሌሎች ግን ብዙውን ነገር ለሁኔታው፣ ለዝምድናው፣ ለአነጋገሩ ለዛ እንደሚተውት አስረድተዋል። ጀርመኖችና ስዊሶች ከመጀመሪያዎቹ ይመደባሉ። ጃፓኖችና ዐረቦች ከሁለተኞቹ ናቸው። ሰምና ወርቅ ያሳደገው ነጋዴ የት እንደሚመደብ ለመገመት ሊቅ መሆን አያሻም። «እናያለን»፣ «እንነጋገርበታለን»፣ «እግዚአብሔር ካለ»፣ «ኢንሻአላህ» ሲባል መርካቶ ውስጥ ያደገ ሰው ከድምፁ ብቻ እሺታም እምቢታም መሆኑን ይለያል። የፍራንክፈርቱ ሰው አይለይም። የጂዳው ገዥ ይለያል፤ በዚህ ረገድ መርካቶ ለጂዳ ቅርብ ነው።

ታዲያ ጃፓንም ዘርዝሮ ከማይናገረው ወገን ከሆነች ከጃፓኖች ጋር መግባባት ይቀለናል ማለት ነው? አይደለም፤ እንዲያውም የሚከብደው እዚህ ላይ ነው። ጃፓናዊው በንግግር መሐል ደጋግሞ «ሃይ» ይላል። መዝገበ ቃላቱ «አዎ» ብሎ ይፈታዋል፤ ብዙ ጊዜ ግን «እየሰማሁህ ነው» ከማለት አያልፍም። «እናጠናዋለን» ወይም «ትንሽ አስቸጋሪ ነው» ካለ ደግሞ እምቢ ማለቱ ሳይሆን አይቀርም። ውሳኔውም በስብሰባው ላይ አይሰጥም። አስቀድሞ ከየክፍሉ ሰዎች ጋር በግል መነጋገር አለ፤ «ነማዋሺ» ይሉታል። ከዚያ የውሳኔው ወረቀት ከጠረጴዛ ጠረጴዛ እየዞረ ማኅተም ይሰበስባል። ይህ ሁሉ ጊዜ ይወስዳል። አንዴ ከተወሰነ በኋላ ግን ሥራው ይፈጥናል።

ኪስ የሚጎዳው ዝምታው ነው። ዋጋ ተነግሯቸው ዝም ይላሉ። እኛ ዘንድ ዋጋ ሰምቶ ዝም ያለ ገዥ «ውድ ነው፣ ቀንስ» እያለ ነው። ስለዚህ ሻጩ ሳይጠየቅ ይቀንሳል። ገዥው ግን እያሰበ ነበር፤ ምናልባትም ለአለቃው ምን እንደሚል እያሰላ። አንድ ባለ 20 ጫማ ኮንቴይነር ባለ 60 ኪሎ 320 ጆንያ ቡና ይይዛል እንበል። ይህ 19,200 ኪሎ፣ ማለትም 42,300 ያህል ፓውንድ ነው። በፓውንድ 5 ሳንቲም ብቻ ቢቀነስ ከ2,100 ዶላር በላይ ዝምታን ባለመቻል ብቻ ሄደ ማለት ነው።

ልዩነቱን በቁጥር ለማስቀመጥ የሞከሩት ሆላንዳዊው ጊርት ሆፍስቴድ ናቸው። ከ1960ዎቹ መጨረሻ እስከ 1970ዎቹ መጀመሪያ (እ.ኤ.አ.) በአይ.ቢ.ኤም. ኩባንያ ሠራተኞች የተሞሉ ከ100,000 በላይ መጠይቆችን መርምረው ውጤቱን በ1980 አሳተሙ። ለግለኝነት አሜሪካ 91 ነጥብ አገኘች። እርግጠኛ ያልሆነን ነገር በመሸሽ ጃፓን 92 አገኘች። ኢትዮጵያስ? በኋላ በሰፋው ሠንጠረዥ ከኬንያ፣ ከታንዛኒያና ከዛምቢያ ጋር ተደምራ «ምሥራቅ አፍሪካ» በሚል ስም ተቀምጣለች፤ በግለኝነት 27 ተሰጥቷቸዋል። የአዲስ አበባን ነጋዴ ከሉሳካው ጋር በአንድ ጆንያ አስገብቶ አማካይ ማውጣት ምን ያህል እንደሚያስኬድ አንባቢ ይፍረድ። ደግሞም መጠይቁን የሞሉት የአንድ የኮምፒውተር ኩባንያ ተቀጣሪዎች እንጂ የእህል ነጋዴዎች አልነበሩም። ሠንጠረዡ አገሮችን በጅምላ ለማነጻጸር ይረዳል፤ ፊት ለፊት ስለተቀመጠው ሰው ግን ብዙ አይናገርም።

ባህል ሰበብ የሚሆንበት ጊዜም አለ። እ.ኤ.አ. በ2008 ጃፓን ከኢትዮጵያ በገባ ቡና ላይ ከተፈቀደው በላይ የፀረ ተባይ ኬሚካል ቅሪት አገኘች፤ ግዥዋም በእጅጉ ወረደ። «ጃፓኖች ሲበዛ ጥንቁቆች ናቸው» ማለት ይቻላል፤ 92 ነጥቡም አለ። ነገር ግን ከዚያ ሁለት ዓመት ቀደም ብሎ፣ በግንቦት 2006 (እ.ኤ.አ.)፣ ጃፓን አዲስ ደንብ አውጥታ ነበር። የተለየ ገደብ ላልወጣለት ኬሚካል ሁሉ ከሚሊዮን 0.01 እጅ የሚል ወሰን አስቀምጣለች። ይህ ፀባይ አይደለም፤ የተጻፈ ሕግ ነው። የገዥውን ፀባይ ከማጥናት በፊት የአገሩን ደንብ ማንበብ ይቀድም ነበር።

ትልልቆቹም ቢሆኑ በባህል ያሳብባሉ። የጀርመኑ ዳይምለር ቤንዝና የአሜሪካው ክራይስለር እ.ኤ.አ. በ1998 «የእኩዮች ውሕደት» ተብሎ ሲጣመሩ፣ በ2007 ደግሞ ሲለያዩ ጥፋቱ በብዙዎች ዘንድ በባህል ግጭት ላይ ተላከከ። ይሁንና የዳይምለሩ አለቃ ዩርገን ሽሬምፕ በ2000 ለፋይናንሻል ታይምስ በሰጡት ቃል፣ ክራይስለር አንድ ክፍል ብቻ ሆኖ እንዲቀር ከመጀመሪያውም ያሰቡት መሆኑን አምነዋል። «እኩያ» የተባለው ሰው ይህን ሲሰማ ቢቆጣ ከባህል የመጣ ነው አይባልም።

ከዚህ ሁሉ ይልቅ በየቀኑ የሚያደናቅፉን ጥቃቅን ነገሮች ናቸው። የእኛ 3 ሰዓት ለእንግዳው 9 ሰዓት ነው። «በ3 ሰዓት እንገናኝ» ተብሎ አንዱ ጠዋት፣ ሌላው ከሰዓት በኋላ የመጣበት ቀጠሮ ብዙ ነው። የዘመን አቆጣጠራችን በሰባትና በስምንት ዓመት ስለሚለይ ኤል.ሲ. ላይ የሚያልፈው ቀን የማን እንደሆነ አለማጣራት አደገኛ ነው። ስምም አለ፤ ፈረንጁ የአባታችንን ስም የቤተሰብ ስም አድርጎ ይጽፈዋል። ባንክ ደግሞ ሰነድ እንጂ ዕቃ አያይም፤ በአንድ ሰነድ አንድ ስም፣ በሌላው ሌላ ስም ከሠፈረ ክፍያው ሊታገድ ይችላል።

ዝምታን በተመለከተ የራሳችን ሕግ ከልማዳችን ይልቅ ለፍራንክፈርቱ ሰው ይቀርባል። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ በቁጥር 1682 ዝምታን እንደ መቀበል አይቆጥርም። ቀደም ሲል የንግድ ግንኙነት ላላቸው ወገኖች ግን በቁጥር 1684 የተለየ ሁኔታ ስላለ የቆየ ደንበኛ ያላችሁ ነጋዴዎች ይህን ቁጥር ከጠበቃችሁ ጋር ብታዩት መልካም ነው።

ከውጭ ገዥ ጋር በቃል ከተነጋገሩ በኋላ በዚያው ቀን አጭር ደብዳቤ መላክ ብዙ ወጪ የለውም። «ችግር የለም» በሚለው ፈንታ የሚጫንበት ቀን በሁለቱም አቆጣጠር፣ የዕቃው መጠን፣ ዋጋው፣ መኪናው ወይም ባንኩ ቢዘገይ ስንት ቀን እንደሚጨመር ይጻፍበት። ገዥው «ትንሽ አስቸጋሪ ነው» ብሎ ከመለሰ ደግሞ ዕቃው ከመጋዘን ሳይወጣ የትኛው ነጥብ እንደሆነ መጠየቅ ነው።