አይቶ የጻፈና ሰምቶ የጻፈ

በአዳማ፣ በሞጆ፣ በመቂና በዝዋይ ፊደል ቆጥራችሁ መጽሐፍ ማገላበጥ የጀመራችሁ ሁሉ፣ የዛሬው ጉዳያችን የቀድሞ እንግሊዞች አገራችንን እንዴት አድርገው እንደ ጻፏት ነው። ዓመቶቹን የምንጠቅሰው በፈረንጆች አቆጣጠር ነው።

የዝዋይን ሐይቅ አስቡ። አንዱ ዳር ቆሞ ቱሉ ጉዶ ደሴትን በሩቁ ያያል። ሌላው በጀልባ ተሻግሮ ከዛይ ሰዎች ጋር ዓሣ በልቶ፣ ተጨዋውቶ ይመለሳል። ሦስተኛው ደግሞ አዳማ ሻይ ቤት ቁጭ ብሎ የሰማውን ያወራል። ሦስቱም ስለ ደሴቱ ቢጽፉ በወረቀት ላይ አንድ ይመስላሉ። ችግሩ እዚህ ላይ ነው።

ሳሙኤል ፐርቻስ የሚባል እንግሊዛዊ ቄስ ነበር። ይህ ሰው በ1613 የዓለምን አገሮች የሚገልጽ ትልቅ መጽሐፍ አሳተመ። ስለ እኛም ጻፈ። በምድር ወገብ ላይ አንድ ተራራ አለ፣ በላዩም ቤተ መንግሥትና የአትክልት ቦታ ሞልቶበታል፣ የነገሥታት ልጆች እዚያ ይኖራሉ አለ። ለገነት ምንም አልቀረው! ሰውየው ግን ከትውልድ ቦታው 200 ማይል እንኳ ርቆ እንዳልሄደ ራሱ ተናግሯል። ወሬውን ያገኘው ኡሬታ ከሚባል ስፔናዊ መነኩሴ መጽሐፍ ነው። መነኩሴው መጽሐፉን ያሳተመው በ1610 ሲሆን እሱም ኢትዮጵያን አላያትም።

ታዲያ ነገሩ ከነጭራሹ ውሸት ነው ወይ? አይደለም። ወሎ ውስጥ አምባሰል ላይ ግሸን አምባ አለች። በዙፋን እንዳይጣሉ እየተባለ የነገሥታት ልጆች ይታሰሩባት ነበር። ከ1520 እስከ 1526 አገራችን የቆየው የፖርቱጋል ቄስ አልቫሬስ ይህን ጽፏል። ግሸን ከምድር ወገብ ከ1,000 ኪሎ ሜትር በላይ ትርቃለች። እስር ቤቱ ከአንዱ መጽሐፍ ወደ ሌላው ሲገለበጥ ገነት ሆኖ አረፈው። ሚልተን የተባለው ባለቅኔ በ1667 ተራራውን በግጥሙ አነሣው፤ ሳሙኤል ጆንሰንም በ1759 ስለ አንድ የሐበሻ ልዑል ልብ ወለድ ሲጽፍ የደስታ ሸለቆ አደረገው። አውሮፓውያን ከጥንት ጀምሮ በሩቅ አገር አንድ ባለጠጋ ክርስቲያን ንጉሥ አለ እያሉ ይመኙ ነበርና ያንኑ የተመኙትን አነበቡ።

በመጨረሻ በእግሩ የመጣ ሰው ተገኘ። ስኮትላንዳዊው ጄምስ ብሩስ በ1769 ምጽዋ ገባ፣ በ1770 ጎንደር ደረሰ። ሰዉ ያጎቤ ይለው ነበር። በቁስቋም ፈንጣጣ የያዛቸውን ልጆች አክሟል፣ እቴጌ ምንትዋብንና ራስ ሚካኤል ስሑልን ቀርቦ አውቋል። አገሩ ተመልሶ በሥጋ ነገር ያየውን ሲያወራ ግን የለንደን ሰው ሳቀበት። ጥሬ ሥጋ ይበላሉ? ሐሰት ነው አሉ። ቢሾፍቱ ወይም አዳማ ሥጋ ቤት ቁርጥ ለሚያዝ ሰው ይህ ምኑ ይገርማል! የሳቁት እነዚያው የተራራውን ገነት ተረት ሲያነቡ የኖሩ ናቸው። ብሩስ መጽሐፉን ያሳተመው በ1790 ነው፤ አምስት ቅጽ ነበር።

እንግዲህ አይቶ የጻፈ ሁሉ እውነተኛ ነው እንዳትሉ። ብሩስ ኅዳር 1770 ጎጃም ውስጥ ግሽ ደርሶ የግልገል ዓባይን ምንጭ አየና፣ ከአውሮፓ ሰው የመጀመሪያው እኔ ነኝ አለ። ፔድሮ ፓኤዝ የሚባለው ስፔናዊ ግን በ1618 እዚያው ደርሶ ነበር። የግሽ ባላገር ከሁለቱም በፊት ከብቱን ሲያጠጣበት መኖሩ ሳይቆጠር ማለት ነው! ባሉጋኒ የሚባል ጣሊያናዊ ሠዓሊም አብሮት ወደ ግሽ ሄዷል። ብሩስ ግን ሰውየው ከጉዞው በፊት የሞተ አስመስሎ ጻፈ፤ ባሉጋኒ የሞተው ከጉዞው በኋላ በ1771 ጎንደር ላይ ነው። ለምን ይህን አደረገ? ክብሩን ማንም እንዳይካፈለው ነዋ!

ይሁንና ይኸው ሰው ወደ አውሮፓ ሲመለስ መጽሐፈ ሄኖክን በግዕዝ እንደ ተጻፈ ይዞ ሄዷል። መጽሐፉ ሙሉ ሆኖ የተጠበቀው በግዕዝ ብቻ ስለሆነ የአውሮፓ ሊቃውንት ለብዙ ዘመን ሲፈልጉት ኖረው ነበር። በ1821 ሪቻርድ ሎረንስ ወደ እንግሊዝኛ መልሶ አሳተመው።