ሳሎን ውስጥ ያለ ባሕር፦ የኮራል አኳሪየምን በሕይወት የሚያቆየው ምንድን ነው?

በአውሮፓውያኑ 1989 ከጅቡቲ ዳርቻ የተወሰዱ ሕያው ኮራሎች በሜዲትራኒያን ጠረፍ ወደምትገኘው ሞናኮ ተጓዙ። መድረሻቸው የከተማዪቱ የውቅያኖስ ጥናት ሙዚየም ነበር። በዚያም ፕሮፌሰር ዣን ዦቤር በቀየሱት ዘዴ በተዘጋጀ ትልቅ ገንዳ ውስጥ ተቀመጡ። ለረጅም ዘመን ከባሕር የወጣ ኮራል በመስታወት ገንዳ ውስጥ ብዙ አይሰነብትም ነበር። የጅቡቲዎቹ ግን ሰነበቱ፤ አድገውም ተባዙ።

ዛሬ ያ ዕውቀት ከሙዚየም አልፎ መኖሪያ ቤት ገብቷል። ከዱባይ እስከ ናይሮቢ፣ ከለንደን እስከ ዋሽንግተን፣ በሆቴል መቀበያ አዳራሾችና በግለሰቦች ሳሎን ውስጥ ሰማያዊ ብርሃን የፈሰሰባቸው፣ ኅብረ ቀለም ያላቸው ዓሦች የሚመላለሱባቸው ገንዳዎች ይታያሉ። ለእንግዳ ዓይን ጌጥ ይመስላሉ። ባለቤቶቻቸው ግን ሌላ ነገር ያውቃሉ፤ በገንዳው ውስጥ ያለው ሕይወት ሁሉ የተንጠለጠለው በውሃው ላይ ነው። ብዙ ጀማሪዎች ዓሦቻቸውን የሚያጡትም በበሽታ ወይም በገንዘብ እጥረት ሳይሆን ውሃው ሳይደርስ በመጣደፋቸው ነው።

ጨው ሁሉ ባሕር አይሆንም

የውቅያኖስ ውሃ በአማካይ በአንድ ኪሎ ግራም ውስጥ 35 ግራም ያህል ጨው ይይዛል። ቀይ ባሕር ከዚህም ይበልጣል። ትነቱ ከፍተኛ በመሆኑና ዓመቱን ሙሉ የሚፈስ ወንዝ ስለማይገባበት በሰሜናዊ ክፍሉ መጠኑ 40 ግራም ይደርሳል። ለቤት ገንዳ ግን 35 ግራሙ ይመረጣል።

ይህን ጨው ከወጥ ቤት ማምጣት የሚቻል ሊመስል ይችላል። አይቻልም። የባሕር ውሃ በፀሐይ ሲተን አስቀድመው ጠጥረው የሚለዩት የካልሲየም ውሁዶች ናቸው። ማግኒዚየሙና ፖታሲየሙ ደግሞ በአብዛኛው መጨረሻ ላይ በሚተርፈው መራራ ውሃ ውስጥ ይቀራሉ። ስለዚህ ለገበታ የሚቀርበው ነጭ ጨው ከሞላ ጎደል ሶዲየም ክሎራይድ ብቻ ነው። ኮራል አጽሙን የሚሠራው ደግሞ በዚያ በጎደለው ካልሲየም ነው። ለአኳሪየም ተብሎ የሚቀመመው ጨው ዋጋው የሚወደደው የጎደሉትን ማዕድናት በልካቸው መልሶ ስለሚይዝ ነው።

ጨው የሚሟሟበት ውሃም እንዲሁ ይመረጣል። የቧንቧ ውሃ ክሎሪን፣ ፎስፌትና አንዳንዴም ከቧንቧው የሚወጣ መዳብ ይኖረዋል። ለሰው የማይጎዳ የመዳብ መጠን ሽሪምፕንና ኮራልን ሊገድል ይችላል። በመሆኑም አርቢዎች ውሃውን ሪቨርስ ኦስሞሲስ በተባለው ማጣሪያ ያሳልፉታል። በሞምባሳ ወይም በጅቡቲ የሚኖር ሰው ከባሕሩ በቀጥታ መቅዳት ይችላል፤ ከወደቡና ከፍሳሽ መውጫው ርቆ፣ ዝናብ ካባራ ከቀናት በኋላ ከሆነ።

ከዚያ በኋላ የሚመጣው ስሕተት የቆየና የታወቀ ነው። ገንዳው በትነት ሲጎድል ጀማሪው ጨዋማ ውሃ ይጨምርበታል። ይሁንና የሚተነው ውሃው እንጂ ጨው አይደለም። በአፍዴራ የጨው ኩሬዎች ላይ የሚሆነው ይኸው ነው፤ ውሃው ይሄዳል፣ ጨው ይቀራል። ስለዚህ በትነት የጎደለ ገንዳ የሚሞላው በተጣራ ጨው አልባ ውሃ ነው። ይህ ካልሆነ ጨዋማነቱ ቀስ በቀስ እየናረ፣ ባለቤቱ ሳያውቅ ሁሉንም ነዋሪ ያንቃል።

ትንሽ ገንዳ ለጀማሪ ይቀላል የሚለው እምነትም የተገላቢጦሽ ነው። በ40 ሊትር ውስጥ አንድ ዓሣ ቢሞት ውሃው በአንድ ሌሊት ይመረዛል፤ በ200 ሊትር ውስጥ ግን ለማስተካከል ጊዜ ይገኛል። የ200 ሊትር ገንዳ ከድንጋዩ፣ ከመስታወቱና ከመቆሚያው ጋር 300 ኪሎ ግራም ገደማ ሊመዝን ስለሚችል፣ ወለሉና መቆሚያው አስቀድሞ ሊታሰብባቸው ይገባል።

ባዶ የሚመስሉት ሳምንታት

ውሃው ተዘጋጅቶ፣ አሸዋውና ድንጋዩ ገብቶ፣ ፓምፑ መሽከርከር ሲጀምር ገንዳው ያለቀ ይመስላል። በእርግጥ ግን ገና መጀመሩ ነው። ዓሣ ሲተነፍስና ሲጸዳዳ፣ የተረፈ ምግብም ሲበሰብስ አሞኒያ ይፈጠራል፤ አሞኒያ ደግሞ ዓሣ ይገድላል። በተፈጥሮ ይህን መርዝ የሚያስወግዱት በዓይን የማይታዩ ባክቴሪያዎች ናቸው። አንደኛው ወገን አሞኒያውን ወደ ናይትራይት ይለውጣል፤ እርሱም መርዝ ነው። ሌላው ወገን ናይትራይቱን እጅግ አነስተኛ ጉዳት ወዳለው ናይትሬት ያሸጋግራል።

እነዚህ ባክቴሪያዎች በድንጋዩ ቀዳዳዎችና በአሸዋው ላይ እስኪረቡ ድረስ ከአራት እስከ ስድስት ሳምንት ይፈጃል። በዚህ ጊዜ ውስጥ ባለቤቱ ጥቂት የአሞኒያ ምንጭ ጨምሮ በመለኪያ መከታተል እንጂ ሌላ የሚሠራው የለም። ዓሣ የሚገባው አሞኒያውም ናይትራይቱም ዜሮ መሆናቸው ሲረጋገጥ ነው። ሻጮች ይህን የሚያሳጥሩ በጠርሙስ የታሸጉ ባክቴሪያዎችን ያቀርባሉ። አንዳንዶቹ ይረዳሉ፤ መለኪያውን ግን አይተኩም።

ከዚያ ቡናማ ዋቅላሚ ድንጋዩንና አሸዋውን ያለብሰዋል፤ አረንጓዴው ይከተለዋል። ይህ ብዙዎችን ተስፋ የሚያስቆርጥ ወቅት ነው፤ ሆኖም የአዲስ ገንዳ ወጉ ነው። ቀንድ አውጣዎችና ጥቂት ጠንካራ ዓሦች አስቀድመው ይገባሉ። ለስላሳ ኮራሎች ከወራት በኋላ፣ አክሮፖራን የመሳሰሉ ጠንካራ ኮራሎች ደግሞ ገንዳው ግማሽ ዓመት ወይም ከዚያ በላይ ከቆየ በኋላ ቢገቡ ይመረጣል።

ድንጋይ የሚሠራው እንስሳ

ኮራል ተክል ቢመስልም እንስሳ ነው። በሥጋው ውስጥ ግን ከብርሃን ምግብ የሚያዘጋጁ ጥቃቅን ዋቅላሚዎች ያሳድራል፤ አብዛኛውን ጉልበቱንም የሚያገኘው ከእነርሱ ነው። ውሃው ከልክ በላይ ሲሞቅ ኮራሉ እነዚህን እንግዶቹን ያስወጣል፤ ቀለሙንም አጥቶ ነጭ ይሆናል። በሚያዝያ 2024 የአሜሪካ የውቅያኖስና የከባቢ አየር አስተዳደር በዓለም ዙሪያ ለአራተኛ ጊዜ መታየቱን ያስታወቀው የኮራል መንጣት ይኸው ነው። በገንዳ ውስጥም በተመሳሳይ መንገድ ይከሰታል፤ ልዩነቱ ጥፋተኛው ማሞቂያው መሆኑ ብቻ ነው። ሙቀቱ ከ24 እስከ 27 ዲግሪ ሴልሺየስ መካከል መቆየት አለበት። በጅቡቲ ይህ ማቀዝቀዣ ይጠይቃል፣ በአዲስ አበባ ሌሊት ደግሞ ማሞቂያ።

ብርሃኑም ቢሆን ሲበዛ ይጎዳል። ጀማሪ የገዛውን ውድ የኤልኢዲ መብራት በሙሉ ኃይሉ ማብራት ይፈልጋል፤ ኮራሉ ግን ልክ እንደ ችግኝ ቀስ በቀስ መለማመድ አለበት። በቀን ከስምንት እስከ አሥር ሰዓት ይበቃዋል።

ጠንካራ ኮራል ሲያድግ ከውሃው ውስጥ ካልሲየምና ካርቦኔት እየመጠጠ ወደ ድንጋይነት ይለውጣል። በሊትር ከ400 እስከ 450 ሚሊ ግራም መሆን ያለበት ካልሲየም ይቀንሳል፤ ከሁሉ በፊት ግን የሚያሽቆለቁለው አልካላይኒቲ የሚባለው መጠን ነው። ገንዳው ባማረበትና ኮራሉ በፈጠነበት ወቅት ድንገት የሚመጣ ሞት ብዙውን ጊዜ መነሻው ይህ ነው፤ ነዋሪው አደገ፣ ቀለቡ ግን በነበረበት ቀረ። ስለዚህ ቢያንስ በሳምንት አንዴ መለካትና የጎደለውን በትንሽ በትንሹ መተካት ያስፈልጋል። ቁጥሩ ትንሽ ዝቅ ወይም ከፍ ቢል ኮራሉ ይታገሣል፤ ዛሬ ወጥቶ ነገ መውረዱን ግን አይችልም። በየሳምንቱ ወይም በየሁለት ሳምንቱ ከውሃው አንድ አሥረኛውን መቀየርም ቆሻሻውን ይቀንሳል። ፕሮቲን ስኪመር የተባለው መሣሪያ ደግሞ ጥቃቅን አረፋ እየፈጠረ፣ ውሃው ውስጥ የሟሟውን እድፍ ሳይበሰብስ ያወጣል።

መብራት ሲጠፋ

በምሥራቅ አፍሪካ ከተሞች የኮራል ገንዳ ትልቁ ፈተና የኤሌክትሪክ መቋረጥ ነው። ፓምፑ ሲቆም የውሃው ገጽ መናወጥ ያቆማል፤ ኦክስጅንም መግባቱን ይቀንሳል። ዓሣ የበዛበት ገንዳ በጥቂት ሰዓታት ውስጥ ሊታፈን ይችላል። ከባሕር ጠለል 2,300 ሜትር ገደማ ከፍ ባለችው አዲስ አበባ ነገሩ ይብሳል፤ የአየሩ ግፊት ዝቅተኛ በመሆኑ ውሃው መጀመሪያውኑ የሚይዘው ኦክስጅን በባሕር ዳርቻ ካለው ሩብ ያህል ያንሳል።

ስለዚህ ከማሞቂያውም ከመብራቱም በፊት መታሰብ ያለበት በባትሪ የሚሠራ ትንሽ የአየር ፓምፕ ነው። ዋጋው ከአንድ ኮራል ዋጋ ሊያንስ ይችላል፤ ሆኖም ብዙ ሰው የሚገዛው ከመጀመሪያው ጥፋት በኋላ ነው። መብራት ጠፍቶ ሳለ ዓሣ አይመገብም። ሙቀቱ ቀስ ብሎ ስለሚወርድ ገንዳውን በብርድ ልብስ መሸፈን ለሰዓታት ያቆየዋል። ጨዋማ ውሃ ኤሌክትሪክን በቀላሉ ስለሚያስተላልፍም እያንዳንዱ ገመድ ወደ ሶኬቱ ከመድረሱ በፊት ዝቅ ብሎ እንዲንጠለጠል ይደረጋል። በገመዱ የሚወርደው ጠብታ ሶኬቱ ውስጥ ሳይሆን መሬት ላይ ይወድቃል።

ዓሣው ከየት መጣ?

በሱቅ ውስጥ ከሚታዩት የባሕር ዓሦች አብዛኞቹ ከዱር የተያዙ ናቸው። የኬንያ ጠላቂዎች በእጅ መረብ የሚይዟቸውን ዓሦች አገሪቱ ለአሥርተ ዓመታት ወደ ውጭ ስትልክ ቆይታለች፤ ኤርትራም በ1990ዎቹ በዚሁ ንግድ ተሳትፋለች። ሰውነቱ ሐምራዊ፣ ጅራቱ ቢጫ የሆነው የቀይ ባሕር ታንግ በዓለም ገበያ ከሚፈለጉት አንዱ ነው። ይህ ዓሣ በሪፉ ላይ ሰፊ ክልል የሚያስስ በመሆኑ በጠባብ ገንዳ ውስጥ ማስቀመጥ ማሠቃየት ነው። በእጅ መረብ የተያዘ ዓሣ ጥሩ ዕድል አለው። በአንዳንድ የደቡብ ምሥራቅ እስያ አካባቢዎች ግን ዓሣን በሳያናይድ አደንዝዞ መያዝ ለዓመታት ተሠርቶበታል፤ መርዙ በዙሪያው ያለውን ኮራልም ይገድላል።

አማራጭ አለ። ክላውንፊሽ በገንዳ ውስጥ መራባት ከጀመረ አሥርተ ዓመታት ተቆጥረዋል፤ በ2015 ደግሞ የሃዋይ ተመራማሪዎች ቢጫውን ታንግ ለመጀመሪያ ጊዜ በገንዳ ለማርባት ችለዋል። ኮራልም እንደ ሸንኮራ አገዳ በቁራጭ ይተከላል፤ አንዷ ቅርንጫፍ ተቆርጣ ድንጋይ ላይ ስትጣበቅ ራሷን የቻለች ኮራል ትሆናለች። ከአርቢ የተገዛ ቁራጭ ሪፍ አያጎድልም፤ የገንዳ ኑሮንም አስቀድሞ ለምዷል። ጠንካራ ኮራሎች ሁሉ በዓለም አቀፉ የዱር እንስሳትና ዕፅዋት ንግድ ስምምነት የተዘረዘሩ በመሆናቸው፣ ከባሕር ዳር ሽርሽር ሲመለሱ በሻንጣ ይዞ ድንበር መሻገር ያለ ፈቃድ አይቻልም።

አዲስ የመጣ ዓሣ፣ ከየትም ይምጣ፣ ለአራት ሳምንት ያህል በተለየ ገንዳ መቆየት አለበት። በቆዳ ላይ ነጭ ነጠብጣብ የሚያወጣው ጥገኛ ተሕዋስ አንዴ ዋናው ገንዳ ከገባ፣ መድኃኒቱ መዳብ ስለሆነ ኮራል ባለበት ሊሰጥ አይችልም። ዓሦቹን ሁሉ አውጥቶ ገንዳውን ከሁለት ወር በላይ ያለ ዓሣ ማቆየት ግድ ይላል።

ከገንዳው የሚወጣ አደጋ

ብዙ ሰው የማያውቀው አደጋ በሰው ላይ የሚደርሰው ነው። ዞአንቲድ ተብለው ከሚታወቁት፣ አበባ መሳይና ርካሽ ከሆኑት ፖሊፖች መካከል አንዳንዶቹ ፓሊቶክሲን የተባለ እጅግ ኃይለኛ መርዝ ይይዛሉ። ድንጋዩን ለማጽዳት በፈላ ውሃ መንከር ወይም በብሩሽ መፈግፈግ መርዙን ወደ አየር ይበትነዋል። በ2018 በእንግሊዝ ኦክስፎርድሺር አንድ ቤተሰብ ገንዳውን ሲያጸዳ ታሞ ሆስፒታል ገብቷል፤ ለእርዳታ የደረሱ የእሳት አደጋ ሠራተኞችም ሕክምና አስፈልጓቸዋል። ጓንትና የዓይን መከላከያ ማድረግ፣ ድንጋዩንም ፈጽሞ አለመቀቀል የግድ ነው።

ገንዳው የሰለቸው ሰው ይዘቱን ወደ ባሕር ወይም ወደ ወንዝ መድፋት የለበትም። ለሌላ አርቢ መስጠት ይሻላል፤ የተረፈው ዋቅላሚም ከመጣሉ በፊት በማቀዝቀዣ ውስጥ በረዶ እንዲሆን ይደረጋል። በ1984፣ የጅቡቲ ኮራሎች ከመድረሳቸው አምስት ዓመት አስቀድሞ፣ በዚያው በሞናኮ ሙዚየም ግርጌ ባለው ባሕር ኮለርፓ የተባለ የአኳሪየም ዋቅላሚ አንድ ካሬ ሜትር ያህል ቦታ ይዞ ተገኘ። በቀጣዩ አሥር ዓመት ውስጥ በሺህ የሚቆጠር ሄክታር የባሕር ወለል ሸፈነ። ያው ዝርያ በ2000 በካሊፎርኒያ ሲታይ ባለሥልጣናት በሸራ ሸፍነው ክሎሪን አፈሰሱበት፤ መጥፋቱን ለማወጅም ስድስት ዓመት ፈጀባቸው።