ይዋስፍ፦ ከሳንስክሪት ተነሥቶ ግእዝ የደረሰ የወንድ ልጅ ስም

(ሮቤ ላይ ለተማሪዎችና ለመምህራን በቃል የቀረበ ሕዝባዊ ገለጻ። ዓመታቱ ሁሉ እንደ ጎርጎርዮሳዊው አቆጣጠር ናቸው።)

የዛሬው ርእሴ አንድ ስም ብቻ ነው፤ ይዋስፍ። በዚህ አዳራሽ ይዋስፍ የሚባል ሰው ካለ እጁን ቢያወጣልኝ ደስ ይለኛል። (ሣቅ) እንደ ገመትሁት የለም። እኔም ወደ ሠላሳ ዓመት ለሚጠጋ ጊዜ የተማሪ ስም ስጠራ አንድም ይዋስፍ «አቤት» ብሎኝ አያውቅም። ሁሴን፣ ዮሴፍ፣ ሮባ፣ ገመቹ፣ ተስፋዬ ግን በየዓመቱ አሉ።

ርእሱን እንድመርጥ ያደረገኝ አንድ የቀድሞ ተማሪዬ ነው። ዛሬ ጎባ ላይ ይሠራል። ባለቤቱ ልትወልድ ስትቃረብ ስልክ ደወለልኝ። እሱ ከሙስሊም ቤተሰብ፣ እርሷ ከኦርቶዶክስ ቤተሰብ የተገኙ ናቸው። የሁለቱም ወገን አያቶች ለሕፃኑ ስም አዘጋጅተው ይጠብቃሉ፤ የአንዱን መውሰድ ሌላውን ማስቀየም ሆነባቸው። ስለዚህ ወጣቶቹ የማንም ያልሆነ ስም ሲያስሱ ከሳንስክሪት የመጣ፣ ብዙ ሰው የማይጠራበት ስም አገኙ፤ «ቦዲ» የሚል። «ዶክተር፣ ባዕድ ስም ለልጃችሁ አወጣችሁ ቢሉን ምን እንመልሳለን?» አለኝ። ጥያቄው እንደ ቀላል የሚታለፍ አይደለም። አገራችን ውስጥ ሰው ገና ስሙ ሲጠራ የማን ልጅ፣ የየትኛው ሃይማኖት፣ የየት አገር ሰው እንደሆነ ይገመታል፤ ልጁም ይህን ግምት ዕድሜ ልኩን ተሸክሞት ይኖራል።

እንግዲህ ቃሉን እንመልከት። በሳንስክሪት «ቡድ» የሚለው ሥር መንቃትን፣ ከእንቅልፍ መባነንን፣ ከዚያም ማወቅን ያመለክታል። ቡድሃ ማለት «የነቃው» ማለት ሲሆን፣ ቦዲ ደግሞ ንቃቱ ራሱ ነው። «ሳትቫ» ህልውና ያለው ፍጡር ነው። ሁለቱ ተጋጥመው «ቦዲሳትቫ» ሲሆኑ፣ ወደ ንቃት የሚጓዝ፣ ገና ቡድሃ ያልሆነ ግን ሊሆን ያለው ማለት ይሆናል። ይህ በመነሻው የተጸውዖ ስም አልነበረም፤ ማዕርግ ነበር። ማዕርግ ውሎ አድሮ ስም መሆኑ ለእኛም እንግዳ አይደለም፤ ሡልጣንና ንጉሤ የሚባሉ ሰዎች እዚሁ መካከላችን አሉ።

የቦዲሳትቫው ታሪክ የታወቀ ነው። የንጉሥ ልጅ ነው፤ አባቱ ሐዘንን እንዳያይ በቤተ መንግሥት ዘግቶ አሳደገው፤ ልጁ ግን ወጥቶ ሽማግሌን፣ ሕመምተኛን፣ ሬሳን አየ፤ ከዚያ በኋላ መንግሥቱን ትቶ መነነ። ይህ ታሪክ ከሕንድ ወደ ምዕራብ ሲጓዝ በመካከለኛው ዘመን ፋርስኛ በኩል አለፈ። በ8ኛው ክፍለ ዘመን ገደማ በዐባሲዶች ዘመን ወደ ዐረብኛ ተመለሰና «ቢለውሀርና ቡዛሳፍ» የሚል መጽሐፍ ሆነ። ቡዛሳፍ ቦዲሳትቫ ነው። ሙስሊም አንባቢዎች ጥበብን የሚያስተምር መጽሐፍ አድርገው ተቀበሉት።

እዚህ ላይ የማረፍበት ነገር አለ፤ የተማሪዎቼንም ትኩረት የምሻው እዚህ ነው። በዐረብኛ ጽሕፈት በቃል መጀመሪያ ላይ «ባ» እና «ያ» የሚባሉት ፊደላት ቅርጻቸው አንድ ነው። የሚለያቸው ከሥር የሚቀመጠው ነጥብ ብቻ ነው፤ ለ«ባ» አንድ፣ ለ«ያ» ሁለት። አንድ ጸሐፊ ነጥብ ጨመረ ወይም ሳያስተውል አነበበ፤ ቡዛሳፍ «ዩዛሳፍ» ሆነ። ጆርጂያውያን ክርስቲያኖች ይህን ተቀብለው «ዮዳሳፍ» አሉት፤ ታሪኩንም ሙሉ በሙሉ የክርስትና ታሪክ አደረጉት። በ1028 ያረፈው የአቶስ ገዳም መነኩሴ ኤውቲምዮስ ወደ ግሪክ እንደ መለሰው ይታመናል፤ በዚያም «ዮአሳፍ» ሆነ። በላቲን ጊዜ ደግሞ «ዮሳፋት» ተባለ፤ በመጽሐፍ ቅዱስ ካለው የይሁዳ ንጉሥ ከኢዮሣፍጥ ጋር ድምፁ ገጠመ። ከሕንድ የተነሣው ልዑል የምዕራብ ቤተ ክርስቲያን ቅዱስ ሆኖ ኅዳር ላይ በዓል እስከሚከበርለት ደረሰ። ማንነቱን አውሮፓውያን ሊቃውንት በማያሻማ ሁኔታ ያረጋገጡት በ19ኛው ክፍለ ዘመን አጋማሽ ገና ነው።

ወደ እኛ የመጣው ግን በላቲን በኩል አይደለም። ከግሪኩ ወደ ዐረብኛ የተመለሰ የክርስቲያኖች ቅጂ ነበር፤ ከዚያ ቅጂ ወደ ግእዝ የተረጎመው ዕንባቆም ነው። ዕንባቆም ራሱ ከየመን የመጣ ነጋዴ ነበር፤ እስልምናን ትቶ ክርስትናን ተቀበለ፤ ስሙን ለወጠ፤ በኋላም የደብረ ሊባኖስ እጨጌ ሆነ። ለኢማም አሕመድ ኢብን ኢብራሂም የጻፈው «አንቀጸ አሚን» የታወቀ ነው። ኢማሙ በ1543 ከወደቁ ከዐሥር ዓመት በኋላ፣ በ1553፣ ለዐፄ ገላውዴዎስ «በረላም ወይዋስፍ»ን በግእዝ አቀረበ። ብዙ መጻሕፍት በጦርነቱ ስለተቃጠሉ ንጉሡ መጻሕፍት በሚያስፈልጉት ዘመን ነበር። ስሙ የተለወጠ ሰው፣ ስሙ የተለወጠን ልዑል ታሪክ ተረጎመ ማለት ነው። የግእዙን ጽሑፍ ዋሊስ በጅ በ1923 ከእንግሊዝኛ ትርጉሙ ጋር አሳትሞታል።

ያን ጊዜ ባሌ ምን ላይ ነበረች? ባሕርይ በ1593 በጻፈው ዜና ኦሮሞች ገላና ወንዝን ተሻግረው ወደ ባሌ ወሰን የደረሱት በዐፄ ልብነ ድንግል ዘመን፣ በመልባህ ገዳ መሆኑን ይነግረናል። በየስምንት ዓመቱ የሚፈራረቁትን የገዳ ስሞች ስንቆጥር፣ ዕንባቆም ትርጉሙን በፈጸመበት ዓመት በሥልጣን ላይ የነበረው ቢፎሌ ነው። እነሆ፣ በአንድ ዘመን ወዲያ የሕንድ ስም በግእዝ ሲጻፍ፣ ወዲህ በደቡብ ዘመን ራሱ በስም ይቆጠር ነበር።

አሁን ወደ ዝናው ልምጣ። ይዋስፍ ለምን አልተለመደም? ትርጉሙ አላማረም እንዳይባል፣ ያማረ ነው። እኔ ሁለት ምክንያት ይታየኛል። የመጀመሪያው፣ ስሙ የሚናኝ ሰው ስም ነው። በምሥራቅ ኦርቶዶክስ ዓለም ዮአሳፍ የመነኮሳት ስም ሆኖ ቀርቷል፤ የቢዛንታዩ ንጉሥ ዮሐንስ ካንታኩዜኖስ በ1354 ዙፋኑን ለቆ ሲመነኩስ የመረጠው ይህንኑ ስም ነው። አባት ለበኵር ልጁ ስም ሲያወጣ ግን ምትኩ ይላል፣ ተስፋዬ ይላል፤ ዝናብ ጥሎ ከሆነ ሮባ ይላል። ቤቱን ትቶ እንዲሄድ የሚመርቅ ወላጅ አላየሁም።

ሁለተኛው ምክንያት ይበልጥ ያሳምነኛል። ከሁሴን ጋር እናወዳድረው። ሁሴን በዐረብኛ የሐሰን ማቆላመጫ ነው፤ «መልካሙ፣ ያማረው» እንደማለት። ነገር ግን ባሌ ውስጥ ሁሴን የበዛው መዝገበ ቃላት ያየ ሰው ስለበዛ አይደለም። ድሬ ሼህ ሁሴን አለ። ከባሌ፣ ከአርሲ፣ ከሐረርጌ ሰው በእግሩ ይሄዳል፤ ይሳላል፤ ልጅ ሲያገኝ ስሙን ይሰጣል፤ በመንገድ ላይ ስማቸው በዜማ ይወደሳል። ስም የሚራባው በዓልና መንገድ፣ ስለትና ዜማ ሲኖረው ነው። ይዋስፍ በዚህች ምድር የነበረው ብራና ብቻ ነበር። ብራናን ጥቂቶች ያነባሉ፤ የሚያነቡትም ብዙውን ጊዜ ልጅ የማይወልዱ መነኮሳት ናቸው። (ሣቅ)

ለተማሪዬ የነገርሁት እንግዲህ ይህን ነው፤ የማንም ያልሆነ መስሎህ የመረጥኸውን ስም ቡድሃውያን፣ ሙስሊሞችና ክርስቲያኖች በየተራ ጠርተውታል፤ ከሥሩ የበቀለው ይዋስፍም ወደ አገርህ ከገባ 470 ዓመት አልፎታል። ለአንደኛው አያት በዐረብኛው መጽሐፍ፣ ለሌላኛው በግእዙ ልታስረዳ ትችላለህ። ባዕድ ነው የሚል ቢመጣ ዮሴፍ ከዕብራይስጥ፣ ሁሴን ከዐረብኛ መምጣታቸውን አስታውሰው።

አንድ ነገር ብቻ አስጠነቀቅሁት፤ ይህን ለእናንተ ለተመራቂዎችም እደግመዋለሁ። የነጥቡ ታሪክ አላበቃም። እዚህ ሮቤ የአንድ ሰው ስም በፊደል፣ በቁቤና በእንግሊዝኛ አጻጻፍ ይመዘገባል። በቁቤ የ«ጨ» ድምፅ የሚጻፈው በላቲኑ ሦስተኛ ፊደል በ«ሲ» ነው። ስለዚህ ጫላ የሚባል ልጅ ውጭ አገር ሲሄድ የሚጠራው ሰው «ካላ» ይለዋል፤ ጫልቱም «ካልቱ» ትሆናለች። «ኤክስ» የሚባለው ፊደል በቁቤ «ጠ»ን ይወክላል፤ ያን የማያውቅ ጸሐፊ ምን ብሎ እንደሚያነበው መገመት አያዳግትም። በልደት የምስክር ወረቀት አንድ ዓይነት፣ በፓስፖርት ሌላ፣ በዲግሪ ሦስተኛ የተጻፈ ስም ይዞ የትምህርት ዕድል የሚጠይቅ ወጣት ሦስት ሰው ሆኖ ይቀርባል። የዐረቡ ጸሐፊ ስሕተት ለዓለም አንድ ቅዱስ አስገኝቷል፤ የእናንተን ስሕተት ግን የምታስተካክሉት በየቢሮው ተመላልሳችሁ ነው። ስለዚህ የመመረቂያ ሰነዳችሁን ከመፈረማችሁ በፊት የራሳችሁን፣ የአባታችሁንና የአያታችሁን ስም በሦስቱም አጻጻፍ ጎን ለጎን አድርጋችሁ ፊደል በፊደል አመሳክሩ።

ጥያቄ ያላችሁ ከፊት ረድፍ እንጀምር።