የላላውና ያልላላው፦ የጤና ተቋማት ደኅንነት ደንብ በወረርሽኝ ጊዜ

በአሜሪካ ሆስፒታሎች ጓሮ ወይም ምድር ቤት በየወሩ የሚሠራ አንድ ሥራ አለ። የጥገና ሠራተኛው የመጠባበቂያ ጄኔሬተሩን ያስነሣል። የመብራቱ መስመር ወደ ጄኔሬተሩ ሲሻገር ሰዓቱን ይይዛል፤ ሕይወት የተንጠለጠለባቸው መስመሮች በ10 ሰከንድ ውስጥ መሻገር አለባቸው። ከዚያ ሞተሩን ቢያንስ የአቅሙን 30 በመቶ አሸክሞ ለ30 ደቂቃ ሳያቋርጥ ያሠራዋል። ባዶውን ማስነሣት አይበቃም፤ ጭነት ያልቀረበለት ሞተር ናፍጣውን አሟጦ ስለማያቃጥል ቅሪቱ ጭስ ማውጫው ውስጥ ይጠራቀምና ቀስ በቀስ ያበላሸዋል። ሠራተኛው ንባቡን መዝገብ ላይ ጽፎ ይፈርማል። ታካሚው ይህን አያይም፤ አብዛኛው ሐኪምም አያይም።

እ.ኤ.አ. በ2020 ኮቪድ 19 ሲገባና የአሜሪካ ፌዴራል መንግሥት በጤና ተቋማት ላይ የጣላቸውን ግዴታዎች አንድ በአንድ ሲያላላ፣ ይህችን ግማሽ ሰዓት አልነካትም። ምን ላላ፣ ምን አልላላም፣ የቱስ መላላት አልነበረበትም የሚለውን ማየት የሚጠቅመው ወረርሽኝ ተመልሶ የሚመጣ ነገር ስለሆነ ነው። (ካልተገለጸ በቀር ዘመኑ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ነው።)

መጀመሪያ ሕጉን እንይ። ሜዲኬርና ሜዲኬይድ የተባሉትን የመንግሥት የጤና መድኖች የሚያስተዳድረው መሥሪያ ቤት በአጭሩ ሲኤምኤስ ይባላል። ይህ መሥሪያ ቤት ተቋማትን የሚያስገድደው በገንዘቡ ነው፤ የመድኑን ክፍያ የሚፈልግ ሆስፒታል ወይም ነርሲንግ ሆም (የአረጋውያንና የአቅመ ደካሞች መንከባከቢያ) መስፈርቱን ማሟላት አለበት። ከመስፈርቶቹ አንዱ የእሳት አደጋና የሕንፃ ደኅንነት ደንብ ነው፤ በሥራ ላይ ያለው የ2012 እትም ሲሆን ሲኤምኤስ የተቀበለው በ2016 ነው። መስፈርቱን ለጊዜው ማንሳት የሚቻለው በማኅበራዊ ዋስትና ሕጉ ክፍል 1135 መሠረት ነው። ይህ አንቀጽ የወጣው ከሴፕቴምበር 11 ጥቃት ማግስት፣ በ2002 ነበር። ሥራ ላይ እንዲውል ሁለት ቁልፍ ይፈልጋል፦ ፕሬዚዳንቱ አስቸኳይ ሁኔታ ማወጅ አለበት፤ የጤና ሚኒስትሩም በበኩሉ የሕዝብ ጤና አደጋ ማወጅ አለበት። ሚኒስትሩ በጃንዋሪ 31 ቀን 2020፣ ፕሬዚዳንቱ በማርች 13 አወጁ። ከዚያ ወዲያ ለሁሉም ተቋም በአንድ ጊዜ የሚሠሩ ነፃ ማድረጊያዎች፣ በተለምዶ ዌቨር የሚባሉት፣ ከማርች 1 ጀምሮ ወደ ኋላ ተመልሰው እንዲጸኑ ተደርገው በጅምላ ወጡ። ዌቨሩ የፌዴራሉን ግዴታ እንጂ የክፍለ ግዛቱን የፈቃድ ሕግ በራሱ አያነሣም፤ ብዙ የተቋም ኃላፊዎች ሁለቱን ደንብ ጎን ለጎን ዘርግተው ማስታረቅ ነበረባቸው።

አብዛኛው የእሳት ደንብ የተጻፈው ከእሳት በኋላ ነው። በ2003 በኮኔቲከት ክፍለ ግዛት፣ ሃርትፎርድ ከተማ፣ አንድ ነርሲንግ ሆም ተቃጥሎ 16 ሰው ሞተ። በዚያው ዓመት በናሽቪል ሌላ ነርሲንግ ሆም ተቃጠለ። ሁለቱም ከጣሪያ ውሃ የሚረጭ የእሳት መከላከያ አልነበራቸውም። የአገሪቱ ነርሲንግ ሆሞች በሙሉ ይህን መከላከያ እንዲያስገቡ የተቆረጠው ቀን ግን ኦገስት 13 ቀን 2013 ነበር። አሥር ዓመት ወሰደ። ስለዚህ በ2020 አንድ ደንብ «ለጊዜው ይቆይ» ሲባል፣ ከበስተኋላው ሰው የሞተበት ደንብ መሆኑን የሚያውቅ ሰው ጠረጴዛው ዘንድ መኖር ነበረበት።

የሕንፃና የመሣሪያ ፍተሻን በተመለከተ እንዲህ ዓይነት ሰው እንደነበረ ከዌቨሩ ጽሑፍ ይታያል። ሲኤምኤስ ተቋማት የፍተሻ፣ የሙከራና የጥገና ጊዜያቸውን እንዲያራዝሙ ፈቀደ። ምክንያቱ ግልጽ ነው፤ የውጭ ቴክኒሻን ወደ ኮቪድ ክፍል ማስገባት ለእሱም ለታካሚውም አደጋ ነበር፤ መለዋወጫም እንደ ልብ አይገኝም ነበር። ፈቃዱ ግን የማይነኩትን በስም ጠራ፦ የእሳት ውሃ ፓምፕ ሙከራ፣ በናፍጣ የሚሠራው በየሳምንቱ፣ በኤሌክትሪክ የሚሠራው በየወሩ፤ በእጅ የሚያዙ የእሳት ማጥፊያዎች ወርኃዊ ፍተሻ፤ የእሳት አደጋ ሠራተኞች የሚጠቀሙባቸው አሳንሰሮች ወርኃዊ ሙከራ፤ ከላይ ያየነው ጄኔሬተርና የመስመር መቀየሪያው፤ በመጨረሻም ግንባታ ወይም ጥገና በተካሄደበት አካባቢ የመውጫ መንገዶች ዕለታዊ ፍተሻ። ይህ የመጨረሻው የብልህ ሥራ ነው። በዚያን ሰሞን ሆስፒታሎች በየኮሪደሩ ዚፕ ያለው የፕላስቲክ ግድግዳ ይተክሉ፣ አየሩ ወደ ውጭ እንዲሳብ መምጠጫ ይገጥሙ ነበር። ትናንት መውጫ የነበረው በር ዛሬ ከፕላስቲክ ጀርባ ሊሆን ይችላል። በየቀኑ ሄዶ ካላዩት አይታወቅም።

የእሳት ልምምዱም እንዲሁ በጥንቃቄ ተያዘ። በደንቡ በየሦስት ወሩ በእያንዳንዱ ፈረቃ ይደረግ ነበር፤ ሠራተኛን አንድ ላይ ማሰባሰብ ቫይረሱን ማሰራጨት ስለሆነ፣ በምትኩ ስለ ወቅቱ የእሳት ዕቅድ በጽሑፍ የተመዘገበ ሥልጠና እንዲሰጥ ተደረገ። የእጅ ሳኒታይዘርም ሌላው ምሳሌ ነው። አልኮል ተቀጣጣይ ስለሆነ የት እንደሚሰቀልና ምን ያህል እንደሚቀመጥ ደንብ አለው። የመስቀያው ደንብ ላላ፤ ከ5 ጋሎን፣ ማለትም ወደ 19 ሊትር ከሚጠጋ መጠን በላይ የሚይዘው ጀሪካን ግን እንደ በፊቱ ለአደገኛ ዕቃ በተዘጋጀ ክፍል እንዲቀመጥ ተባለ። ጥሩ ዌቨር እንዲህ ነው፤ የሚነሣውን፣ የሚተካውንና የማይነካውን ለይቶ ይናገራል።

ኮቪድ እሳትን ወደ ታካሚው አልጋ እንዳቀረበ ብዙ ሰው ልብ አላለም። አየር 21 በመቶ ያህል ኦክስጅን አለው። ለታመመ ሳንባ በአፍንጫ ቱቦ በከፍተኛ ፍሰት የሚሰጠው ኦክስጅን በደቂቃ እስከ 60 ሊትር ይደርሳል። ከዚህ የሚተርፈው ክፍሉ ውስጥ ይቀራል፤ አንሶላው፣ ፍራሹ፣ የሐኪሙ ጋውን ይጠጡታል። ኦክስጅን ራሱ አይነድም፤ የሚነደውን ግን ያፋጥነዋል፣ ከትንሽ ብልጭታ የሚነሣውም እሳት ለማጥፋት ጊዜ አይሰጥም። በኖቬምበር 2020 በሩማንያ ፒያትራ ኒያምጽ ከተማ የጽኑ ሕሙማን ክፍል ተቃጥሎ ቢያንስ 10 ታካሚዎች ሞቱ። በኤፕሪል 2021 በባግዳድ ኢብን አል ኻቲብ ሆስፒታል የኦክስጅን ሲሊንደሮች ፈንድተው ቢያንስ 82 ሰው አለቀ። ሕንፃው የእሳት መከላከያ ሥርዓት አልነበረውም፤ የጤና ሚኒስትሩ ሥልጣን ለቀቀ። በሴፕቴምበር 2021 በሰሜን መቄዶንያ ቴቶቮ፣ ለኮቪድ ተብሎ በፍጥነት ከተገጣጣሚ ቁሳቁስ የተሠራ ሆስፒታል ነደደ፤ 14 ሰው ሞተ። እነዚህ አገሮች የየራሳቸው ሕግ አላቸው፤ አንዱን ከሌላው ጋር ማምታታት አይገባም። የሚያመሳስላቸው በጥድፊያ የተሞላ ክፍልና ኦክስጅን ናቸው።

አሜሪካም ጥድፊያው አልቀረላትም። ሲኤምኤስ «ሆስፒታል ያለ ግድግዳ» ብሎ በሰየመው አሠራር ድንኳን፣ ሆቴልና አዳራሽ የታካሚ ማደሪያ እንዲሆኑ ፈቀደ፤ የታካሚ ክፍል መስኮት ይኑረው የሚለው ግዴታ ሳይቀር ተነሣ። የኒውዮርኩ ጃቪትስ የስብሰባ ማዕከል በአልጋ ተሞላ። የኤን95 ጭምብል ልክ ሙከራም እንዲሁ ነበር፤ ሠራተኛው ኮፍያ መሰል ከረጢት ተደፍቶበት ጣፋጭ ወይም መራራ ርጭት ከተነፋበት በኋላ «ቀመስኩት» ካለ ጭምብሉ ልኩ አይደለም ማለት ነው። ይህ ሙከራ በየዓመቱ መደገም ሲኖርበት፣ ጭምብል በመጥፋቱ የሥራ ደኅንነት መሥሪያ ቤቱ ቁጥጥሩን አላላ። አማራጭ ስለሌለ የሆነ ነውና በዚህ ላይ ብዙ አልከራከርም።

የምከራከረው በነርሲንግ ሆሞች በሆነው ላይ ነው። በፌብሩዋሪ 2020 መጨረሻ፣ ከሲያትል ሐይቁን ተሻግሮ በሚገኘው የከርክላንድ ከተማ፣ በአንድ ነርሲንግ ሆም ኮቪድ መግባቱ ተሰማ። እስከ ማርች 18 ከዚያ ተቋም ጋር የተያያዙ 167 ሰዎች ተይዘው ነበር፦ 101 ነዋሪዎች፣ 50 ሠራተኞች፣ 16 ጠያቂዎች። በዚያው ወር በመላ አገሪቱ የመደበኛ ቁጥጥር ጉብኝት ቆመ፤ ተቆጣጣሪዎች የሚሄዱት ለሕይወት የሚያሰጋ ቅሬታ ሲኖርና ለኢንፌክሽን መከላከል ብቻ ሆነ። በማርች 13 ደግሞ ጠያቂ ቤተሰብ እንዳይገባ ተከለከለ። የሁለቱን ውሳኔ ምክንያት ለየብቻ ብናየው እረዳለሁ። አንድ ላይ ሲሆኑ ግን እናትን ወይም አባትን የሚያይ የውጭ ዓይን ሁሉ ማለት ይቻላል በአንድ ወር ጠፋ። የጄኔሬተሩ ፍተሻ እንዲቀጥል የተጨነቀው መንግሥት ለዚህ በቂ ምትክ አላዘጋጀም።

በእነዚህ ተቋማት የኢንፌክሽን መከላከል ጉድለት መኖሩ አስቀድሞ ይታወቅ ነበር። የኮንግረሱ የኦዲት መሥሪያ ቤት ባወጣው ዘገባ ከ2013 እስከ 2017 ድረስ ከታዩት ነርሲንግ ሆሞች 82 በመቶው ቢያንስ አንድ ጊዜ ይህ ጉድለት ተመዝግቦባቸዋል። ሕጉ አንድ ነርሲንግ ሆም ቢያንስ በየ15 ወሩ አንድ ጊዜ እንዲፈተሽ ያዝዛል። በሜይ 2021 መጨረሻ ግን 71 በመቶዎቹ መደበኛ ፍተሻ ሳይደረግላቸው 16 ወር ወይም ከዚያ በላይ አልፏቸዋል። እስከ 2022 መጀመሪያ በነርሲንግ ሆሞችና በሌሎች የረጅም ጊዜ እንክብካቤ ተቋማት በኮቪድ የሞቱት ነዋሪዎችና ሠራተኞች ቁጥር ከ200,000 በላይ ሆኖ ነበር። መደበኛው ቁጥጥር ባይቆም ኖሮ ስንቱ ይተርፍ እንደነበር ማንም ሊለካው አይችልም፤ በኔ ፍርድ ግን በዚያ ወረርሽኝ ከላሉት ሁሉ መላላት ያልነበረበት ይህ ነበር። ጭምብልና ጋውን ለብሶ የሚገባ አንድ ተቆጣጣሪ ቫይረሱን ይዞ የመግባቱ አደጋ፣ ማንም የማያየው ሕንፃ ከሚያመጣው አደጋ ይበልጥ ነበር ብሎ ማመን ይከብደኛል።

ሌላው ዌቨር ብዙ የእኛን ሰዎች የሚነካ ነው። በዋሽንግተን አካባቢ፣ በሚኒሶታ፣ በሲያትል በነርሲንግ ሆም በነርስ ረዳትነት፣ በአጭሩ በሲኤንኤነት፣ የሚሠሩ ኢትዮጵያውያን ብዙ ናቸው። ለሲኤንኤ የፌዴራሉ ሕግ ቢያንስ የ75 ሰዓት ሥልጠና ይጠይቃል፤ ሳይሠለጥን የተቀጠረ ሰው ከአራት ወር በላይ መቆየት አይችልም። በወረርሽኙ ይህ ገደብ ተነሣ፤ የነርሲንግ ሆሞች ማኅበር ያዘጋጀውን የ8 ሰዓት የኢንተርኔት ትምህርት ጨርሶ ሥራ የሚጀምር ብዙ ሰው መጣ። ሥራ ለጠፋበት ሰው በር ከፈተ፤ ሰው ላነሰው ተቋምም እጅ ሆነለት። ነገር ግን በአልጋ የዋለችን አንዲት እናት ገልብጦ ማስተኛት፣ ከአልጋ ወደ ተሽከርካሪ ወንበር ማሻገር በስክሪን አይለመድም። ሳይማር የሚያነሣ ሰው እሷንም ይጥላታል፣ የራሱንም ወገብ ይጎዳል። ፈቃዱ በጁን 2022 ሲያበቃ፣ እስከዚያ የሠሩት ሥልጠናና ፈተናውን እንዲያሟሉ አራት ወር ተሰጣቸው።

የሌሎቹም መዝጊያ ደረጃ በደረጃ ሆነ። በኤፕሪል 7 ቀን 2022 ሲኤምኤስ በነርሲንግ ሆሞች ላይ የነበሩ ብዙ ዌቨሮች ገሚሶቹ በ30፣ ገሚሶቹ በ60 ቀን እንደሚያበቁ አስታወቀ፤ የፍተሻና የጥገናው ማራዘሚያ ከ60 ቀኖቹ ነበር። የጤና ሚኒስትሩ አዋጅ ራሱ ያበቃው በሜይ 11 ቀን 2023 ነው። በመካከሉ ያልተደረገው ሙከራ፣ ያልተፈተሸው በር፣ ያልተቀየረው ባትሪ ተጠራቅሞ ጠበቀ። ከሁለት ዓመት በላይ «ለጊዜው» ከተባለ፣ አንዳንዱ የጥገና ሠራተኛ ሥራውን የጀመረው ደንቡ ሙሉ በሙሉ ሲሠራ ሳያይ ነው ማለት ነው።

በአገራችንም አስቸኳይ ጊዜ በኢትዮጵያ አቆጣጠር በ2012 ዓ.ም. ሲታወጅ ለድግስና ለኮንሰርት የተሠራው ሚሊኒየም አዳራሽ የኮቪድ ሕክምና ማዕከል ሆነ። ጊዜው የሚጠይቀው ነበርና የሠሩት ይመሰገናሉ። ወደፊት ግን አዳራሽ ወይም ትምህርት ቤት ሆስፒታል ሲሆን የትኛው መስፈርት ሊላላ እንደሚችል፣ የኦክስጅን ሲሊንደር የት እንደሚቆም፣ የትኛው በር በምንም ምክንያት እንደማይዘጋ ወረርሽኙ ሳይመጣ በፊት ተጽፎ ቢቀመጥ ጤና ባለሙያውም ይረጋጋል።

በአሜሪካ ዘመድ በነርሲንግ ሆም ላስቀመጡ አንባቢዎች አንድ ነገር ላሳስብ። ሕጉ ተቋሙ የመጨረሻውን የፍተሻ ውጤት ማንም ሊያየው በሚችል ቦታ እንዲያስቀምጥ ያስገድዳል፤ በሜዲኬር ድረ ገጽም በነፃ ይገኛል። ዘመዳችሁን ስትጠይቁ በመግቢያው ላይ ያለውን ማህደር ክፈቱ፤ ቀኑን እዩ፤ 15 ወር ካለፈው ለምን እንደሆነ ኃላፊውን ጠይቁ። እዚያው የምትሠሩ ደግሞ፣ የታመነ የውጭ ዓይን በሌለበት ቀን የሚያየው የእናንተ ዓይን ብቻ ነውና፣ የተዘጋ መውጫ ስታዩ ዝም አትበሉ።