ሞርሴላተር፤ ዕጢ ቆራርጦ የሚያወጣው መሣሪያ

ማዮማ የተባለው የማኅፀን ዕጢ ምንም እንኳ በባሕርዩ ነፍስን የሚያሰጋ ባይሆን፥ ደም በማፍሰስና በሕማም ስንቷን እናት አልጋ ላይ አውሏታል፤ እርሱንም ለማውጣት ቀድሞ ሆድን በሰፊው መቅደድ ግድ ስለ ነበረ፥ ሊቃውንተ ሕክምና በጠባብ ቀዳዳ ገብቶ የሚሠራ መሣሪያ ባበጁ ጊዜ ደስታው ታላቅ ነበር።

ሞርሴላተር ውፍረቱ ከ12 እስከ 20 ሚሊ ሜትር የሚደርስ ባዶ ቱቦ ሲሆን፥ በጫፉ ላይ በኤሌክትሪክ የሚሽከረከር ክብ ስለት አለው። ሐኪሙ በካሜራ እየተመለከተ መቆንጠጫውን በቱቦው ውስጥ አሳልፎ ዕጢውን ይይዝና ወደ ስለቱ ይስበዋል፤ ሥጋውም እንደ ብርቱካን ልጣጭ እየተገፈፈ በቱቦው ይወጣል። ቁስሉ ትንሽ፥ ሕመሙ ቀላል፥ ማገገሙም ፈጣን ስለሆነ፥ ይህን በጎነቱን መካድ ፍርደ ገምድልነት ይሆናል።

ነገር ግን ስለቱ ሲዞር ፍርፋሪ በሆድ ዕቃ መካከል መበተኑ አይቀርም። በማዮማ አምሳል ተሰውሮ የቆየ ሳርኮማ፥ ማለት አብዛኛውን ጊዜ ከማኅፀን ጡንቻ የሚነሣ ካንሰር፥ ካለበት፥ በአንድ ስፍራ ተወስኖ የነበረው ደዌ ለፈውስ በተዘረጋው እጅ በሆድ ውስጥ ይዘራል። ክፋቱም አልትራሳውንድም ሆነ ኤም.አር.አይ. ሁለቱን በእርግጠኝነት ለይቶ አለማሳየቱ ነው፤ እውነቱ የሚገለጠው ሥጋው ከወጣ በኋላ በማይክሮስኮፕ ሲመረመር ነውና።

በቦስተን የማደንዘዣ ሐኪምና የ6 ልጆች እናት የነበረችው ኤሚ ሪድ በ2013 እ.ኤ.አ. በዚህ መሣሪያ ከተሠራላት በኋላ ካንሰሩ ተገኘባት። እርሷና የልብ ቀዶ ሐኪም የሆነው ባሏ፥ ሕማሙ እየጸና ሳለ፥ በሌሎች ሴቶች ላይ እንዳይደርስ ያለ ዕረፍት ተሟገቱ፤ እርሷም በ2017 ዐረፈች። በዚሁ መካከል፥ በ2014፥ የአሜሪካ የምግብና የመድኃኒት አስተዳደር ለማዮማ ቀዶ ሕክምና ከሚቀርቡ 350 ሴቶች በአንዷ ግድም የተሰወረ ሳርኮማ እንደሚገኝ ገምቶ፥ መሣሪያው ለአብዛኞቹ ሴቶች እንዳይውል ብርቱ ማስጠንቀቂያ አወጣ፤ ጆንሰን ኤንድ ጆንሰንም የራሱን ሞርሴላተር ከገበያ ሰበሰበ። ከ350 አንዷ እያለ የሚቆጥር ሰው አኀዙን ጥቂት ይለው ይሆናል፤ እኔ ግን ሴቲቱ አስቀድማ ሳታውቀውና ሳትመርጠው የሚደርስባትን እንዲህ ያለውን አደጋ ጥቂት ለማለት አልደፍርም።

ኋላም ሥጋው ተከቶ የሚቆረጥበት ከረጢት ተፈቀደ፤ ሆኖም ከረጢቱ የካንሰሩን መዛመት እንደሚያስቀር ገና አልተረጋገጠም ነበር።

ማዮማ በጥቁር ሴቶች ላይ ቀድሞና በርትቶ የሚታይ ስለሆነ፥ ይህ ነገር በአሜሪካም ሆነ በሌላ አገር ያላችሁትን እኅቶቻችንን ይመለከታል። ቀዶ ሕክምና ሲታዘዝላችሁ፥ ይልቁንም የወር አበባችሁ የቀረ ከሆነ፥ ፊርማችሁን ከማኖራችሁ በፊት «ዕጢው በሙሉ ነው የሚወጣው ወይስ ተቆራርጦ? ከተቆራረጠስ በከረጢት ውስጥ ነው?» ብላችሁ ሐኪማችሁን ጠይቁ።