የሚያዝያ ፀሐይና የጓሮ ዶሮ

ዶሮን ሙቀት ይገድላታል ቢባል ሙጃ ላይ የሚያምን ብዙ ሰው አይገኝም። የግዳን ወረዳ ዋና ከተማ ሙጃ ደጋ ናት፤ ሌሊቷ ጋቢ ያስደርባል። ሙቀት ማለት በስተምሥራቅ ቁልቁል ተወርዶ የሚገኘው የራያ ቆቦ ሜዳ ነው ብሎ ያደገ ሰው፣ ለዶሮው ቢሰጋ የሚሰጋው ብርድን፣ ጭልፊትንና ሸለምጥማጥን ነው። ይሁንና ከየካቲት አጋማሽ ጀምሮ ክረምቱ እስኪገባ፣ በተለይ በልጉ በቀረበት ዓመት፣ እንቁላሉ ይቀንሳል፤ ቅርፊቱ ይሳሳል፤ ጠዋት ስትጭር የነበረች ዶሮም ከሰዓት በኋላ ክንፏን ዘርግታ ትገኛለች። አየሩ ለሰው ደስ የሚል ሆኖ ሳለ ዶሮዋ ለምን ትቃጠላለች? በደጋ ዶሮን የሚጎዳት ከአየሩ ይልቅ እኛ የሠራንላት ቤትና እሷን የምናውልበት ቦታ ነው። ስለዚህ መፍትሔውም ከእጃችን አልወጣም።

አውሮፓና አሜሪካ ውስጥ የተጻፈ የዶሮ ምክር የሚፈራው ሐምሌንና ነሐሴን ነው። በላስታና በግዳን እነዚያ ወራት ጭጋግና ዝናብ ናቸው። የእኛ ክፉ ሰሞን መጋቢት፣ ሚያዝያና ግንቦት ነው። ምክሩን ከሌላ አገር ስንወስድ ወሩን ማዛወር አለብን።

በመጀመሪያ የዶሮዋን ገላ እንወቅ። የጤነኛ ዶሮ የሰውነት ሙቀት 41 ዲግሪ ሴንቲ ግሬድ ገደማ ነው፤ ሰው ላይ ቢሆን ሆስፒታል የሚያስኬድ ትኩሳት ነው። በዚያ ላይ ላብ የላትም። እኛን ላባችን እየተነነ ሲያቀዘቅዘን፣ እሷ ላባዋን ለብሳ መውጫ ትፈልጋለች። ክንፏን ከጎኗ ታርቃለች። ላባ ወደሌለበት ገላዋ፣ ማለትም አናቷ ላይ ወዳለው ቀይ ሥጋ፣ ከመንቆሯ ስር ወደሚንጠለጠለውና ወደ እግሮቿ ብዙ ደም ትልካለች፤ ሙቀቱ በዚያ ይወጣል። አፈር ጭራ ከስር ያለው ቅዝቃዜ ላይ ትጋደማለች። ይህ ሁሉ ካልበቃት አፏን ከፍታ ታለከልካለች፤ ጉሮሮዋ ሲርገበገብ ከሩቅ ይታያል። ለዶሮ የሚመቻት ከ18 እስከ 24 ዲግሪ ያለው አየር ነው። 30ን ሲያልፍ ማለክለክ ትጀምራለች፤ ወደ 40 ሲጠጋ ሕይወቷ አደጋ ላይ ነው።

ማለክለኩ ዋጋ ያስከፍላታል። በፍጥነት ስትተነፍስ ከደሟ ብዙ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይወጣል፤ የእንቁላል ቅርፊት የሚሠራበት ካርቦኔት ደግሞ የሚገኘው ከዚያው ነው። በተጨማሪም የሞቃት ዶሮ ጥሬ ስለማይበላላት ካልሲየሙም ይጎድልባታል። በሚያዝያ በእጅ ሲያዝ ስንጥቅ የሚል እንቁላል ካያችሁ፣ መኖውን ከመውቀሳችሁ በፊት ዶሮዎቹ ቀን 6 ሰዓት ላይ የት እንደሚውሉ ሄዳችሁ እዩ።

እዚህ ላይ ነው የሙጃ ነገር ከሌላው የሚለየው። ሙጃም ላሊበላም ከምድር ወገብ በስተሰሜን 12 ዲግሪ ገደማ ላይ ይገኛሉ። በኅዳርና በታኅሣሥ ፀሐይ ወደ ደቡብ ስላዘነበለች በቤቱ ሰሜን በኩል ያለው ግድግዳ ቀኑን ሙሉ ጥላ ይሰጣል፤ ዶሮዎቹም ተደርድረው ይጋደሙበታል። በሚያዝያ አጋማሽ ግን ፀሐይ ልክ በአናታችን ታልፋለች። ያን ሰሞን እኩለ ቀን ላይ ቀጥ ብሎ የቆመ ግድግዳም አጥርም ጥላ የለውም። ዶሮዎቹ የለመዱት ቦታ ሲነድባቸው ግራ ገብቷቸው ከቦታ ቦታ ሲንከራተቱ ይታያሉ። ፀሐይ እንደገና በአናት የምትመለሰው በነሐሴ አጋማሽ ነው፤ ያኔ ግን ደመናው ይከልልልናል። ስለዚህ የሚያዝያ ጥላ መምጣት ያለበት ከላይ ነው።

ከፍታውም ያባብሳል። ላሊበላ 2,500 ሜትር ገደማ ላይ ያለች ከተማ ናት፤ በእንዲህ ያለ ቦታ አየሩ ስስ በመሆኑ ጥላ ውስጥ ይቀዘቅዛል፣ ፀሐይ ላይ ግን ይለበልባል። ይህን ፀሐይ ቀኑን ሙሉ የሚቀበለው ቆርቆሮ ነው። የድሮው የላስታ ቤት የድንጋይ ግድግዳውና ወፍራሙ የሣር ክዳኑ ቀን ቀዝቃዛ፣ ሌሊት ሞቃት ያደርገው ነበር፤ ዶሮውም ከሰው ጋር በዚያው ጣሪያ ስር ቆጥ ላይ ያድራል። አሁን ለብቻዋ የምትሠራላት ቤት ብዙ ጊዜ ከቁርጥራጭ ቆርቆሮ ናት፤ ጣሪያዋ የሰው ወገብ አይደርስም፣ ሸለምጥማጥ እንዳይገባባት ዙሪያዋ በጭቃ ተደፍኗል፣ መስኮት የላትም። ጭልፊትና ሌባ ተፈርቶ ቀን ጭምር ሲዘጋባት፣ ያቺ ቤት ውስጥ ያለው አየርና ደጅ ዛፍ ስር ያለው አየር የሁለት አገር አየር ነው።

በዚህ ላይ የሚታሰሩት ዶሮዎች ዓይነት ተቀይሯል። የአበሻ ዶሮ ክብደቷ ቀላል፣ በዓመት የምትጥለውም ከ40 እስከ 60 እንቁላል ቢሆን ነው፤ ሞቅ ሲላት ቁጥቋጦ ስር ትገባለች፣ ራሷን ታውቃለች። የ45 ቀን ሆነው የሚከፋፈሉት ሳሶና ቦቫንስ ብራውን የተባሉት ዝርያዎች ግን የሚያመነጩት የገላ ሙቀት ብዙ ነው፤ ሳሶዋ ሥጋ ስለምትሸከም፣ ቦቫንሷ በዓመት ከ250 በላይ እንቁላል እንድትጥል ተመርጣ ስለተዳቀለች። በ2015 ዓ.ም. የሌማት ትሩፋት መርሐ ግብር ከተጀመረ ወዲህ ጫጩቱ ወደ ገጠሩ በብዛት ደርሷል። ጫጩቱ ሲሰጥ ግን የቤቱ ነገር አብሮ ቢነገር ብዙ ዶሮ ይተርፍ ነበር ብዬ አምናለሁ።

ቤቱን ማስተካከል ብዙም ገንዘብ አይጠይቅም። ቆርቆሮው ላይ ወፍራም ሣር ወይም የገብስ ገለባ አንጥፋችሁ ነፋስ እንዳይወስደው በገመድ እሰሩት። ሣር ከሌለ ኖራ ቀቡት፤ ነጭ ጣሪያ ፀሐይን ይመልሳል። ከግድግዳው ላይኛ ክፍል በሁለት ትይዩ ጎኖች ረዘም ያለ ክፍተት አውጡና በጠንካራ ወንፊት ሽቦ ሸፍኑት፤ ሸለምጥማጥ አይገባም፣ ትኩስ አየር ግን ይወጣል። ቤቱ አዲስ ከሆነ ርዝመቱን ከምሥራቅ ወደ ምዕራብ አድርጉት፤ የጠዋትና የማታ ፀሐይ ጠባቡን ጎን ብቻ ታገኛለች። በአንድ ካሬ ሜትር ከአምስት ዶሮ በላይ አታሳድሩ። ጉዝጓዙ በኩስ ከተጠቀጠቀ ራሱ ሙቀትና የሚያቃጥል ሽታ ያመነጫል፤ በዚህ ሰሞን አውጥታችሁ ስስ አድርጋችሁ በደረቅ ገለባ ቀይሩት፣ የወጣው ለጓሮው ጎመን ይሆናል።

ለቀኑ ደግሞ ዳስ ጣሉላቸው። አራት እንጨት፣ ከላይ ቅጠል ወይም አሮጌ ጆንያ፣ ቁመቱ ሰው የማያስጎነብስ፣ ጎኑ ክፍት። ጭልፊት ከላይ አያይም፣ ነፋስ ከጎን ይገባል። በድንጋይ ላይ ከፍ ብሎ የተቀመጠ ጎተራ ካለ ከስሩ ያለው ቦታ ራሱ ጥሩ ዳስ ነው። የባሕር ዛፍ ጥላ አታምኑ፤ ቅጠሉ ተንጠልጣይ ስለሆነ ፀሐዩን ያሳልፋል። ወይራ ወይም ጽድ ያለው ጓሮ ታድሏል።

ውኃ ከሁሉም ይበልጣል፤ በበጋ ደግሞ ከሁሉም የሚቸግረው እሱ ነው። ዶሮ በደህና ቀን የምትጠጣው የምትበላውን ሁለት እጥፍ ያህል ነው፤ በሙቀት አራት እጥፍና ከዚያም በላይ ይደርሳል። አንዲት እንቁላል ጣይ በሞቃት ቀን ግማሽ ሊትር ልትጨርስ ትችላለች። አሥር ዶሮ ያላት እማወራ ለእነሱ ብቻ በቀን 5 ሊትር፣ የአንድ ባለ 20 ሊትር ጀሪካን ሩብ፣ ያስፈልጋታል ማለት ነው። ምንጩ በራቀበት ቀበሌ ይህ ቀላል ሸክም አይደለም፤ ውኃ ቀጂዋ እናት ወይም ልጅ ናትና። ስለዚህ የዶሮ ቁጥር ሲወሰን ከመኖው በፊት ውኃው ይቆጠር። ብዙ ዶሮ ገዝቶ በግማሽ ከማጠጣት፣ ስድስት ይዞ ማርካት ይሻላል።

ዶሮ የሞቀ ውኃ ትጠላለች። ፀሐይ ላይ የቆመ የፕላስቲክ ሳህን ከቀኑ 7 ሰዓት ሞልቶ ቢገኝ ስላልጠማት አይደለም። የሙጃ ሌሊት እዚህ ላይ ይረዳናል፤ ውኃውን ማታ በእንስራ ሞልታችሁ አሳድሩት። ሸክላው ወደ ውጭ እያላበ ስለሚተንን ውኃው ቀኑን ሙሉ እንደቀዘቀዘ ይቆያል። ከ5 ሰዓት ጀምሮ በየተወሰነ ጊዜ ጥቂት ጥቂት እየቀዳችሁ በሸክላ ገል ወይም በተቆረጠ ጀሪካን ጥላ ውስጥ አቅርቡ። ዕቃው ጠዋት ጠዋት በአመድ ይፈተግ፤ የሞቀ አረንጓዴ ውኃ በሽታ ያፈላል።

መኖው ላይ ሰዓት መቀየር ብቻ ይበቃል። ምግብ ሲፈጭ ራሱ ሙቀት ያመነጫል፤ ያም ሙቀት የሚበረታው ከበላች ከጥቂት ሰዓታት በኋላ ነው። ከረፋዱ 4 ሰዓት የተሰጠ ጥሬ ከቀኑ ትልቁ ሙቀት ጋር ይገጥማል። ስለዚህ የገብሱን ግርድም ሆነ ፉርሽካውን ገና ሲነጋ፣ ከ12 እስከ 1 ሰዓት ስጡ፤ ቀሪውን ደግሞ ፀሐይ ሲበርድ፣ ከ11 ሰዓት በኋላ። እኩለ ቀን ላይ ቢራቡም ተዉአቸው፤ ለምለም ጎመን ብቻ መወርወር ይቻላል። አተላ በዚህ ሰሞን ቶሎ ስለሚሻግት በአንድ ጊዜ የሚያልቀውን ብቻ አቅርቡ። ለቅርፊቱ የእንቁላል ልጣጭ ጥብስ አድርጋችሁ አድቅቃችሁ ቀላቅሉላቸው፤ ሳይደቅ ከተሰጠ እንቁላል መስበር ይለምዳሉ።

የሙቀቱ ወራትና ዐቢይ ጾም መገናኘታቸው ሌላ ችግር ነው። በ55 ቀኑ ጾም እንቁላል የሚበላ የለም፣ ገበያውም ይቀዘቅዛል፤ ባለ ዶሮው ለፋሲካ ያጠራቅማል። አውራ ዶሮ ባለበት ጓሮ እንቁላሉ ዘር አለበት፤ ከ21 ዲግሪ በላይ በሆነ ቦታ ከቆየ ሳይታቀፍ ውስጡ ማደግ ይጀምርና ይበላሻል። የቆርቆሮ ቤት መደርደሪያ ላይ ሳምንታት የከረመ እንቁላል ፋሲካ ላይ ሲሰበር ማፈሪያ የሚሆነው ለዚህ ነው። በገብስ ወይም በጤፍ ውስጥ ቀብሮ በቤቱ ቀዝቃዛ ጥግ ማስቀመጥ የቆየ ዘዴ ነው፣ ይሠራልም። ለሽያጭ ብቻ የሚያጠራቅም ሰው ጾሙ ከመግባቱ ሁለት ሳምንት ቀድሞ አውራውን ቢለይ ደግሞ እንቁላሉ ዘር ስለማይኖረው ረዘም ላለ ጊዜ ይቆያል። በቀን ሁለት ጊዜ፣ ረፋድ ላይና 9 ሰዓት ላይ፣ እንቁላሉን ከጎጆው ሰብስቡ።

ከሁሉ የሚያሳስበኝ ሙቀትና ፈንግል የተባለው የዶሮ በሽታ አንድ ሰሞን መምጣታቸው ነው። ፈንግል ብዙ ጊዜ የሚነሳው ዝናቡ ሊገባ ሲል ነው፤ ለበዓል ዶሮ ከገበያ ገበያ ሲዘዋወርም ይዛመታል። ከሁለቱ አንዱ የያዛት ዶሮ አፏን ትከፍታለች። ልዩነቱን ምሽት ይነግራችኋል። ሙቀት የመታት ዶሮ ጥላና ውኃ አግኝታ ፀሐይ ስትበርድ ትነሳለች፣ ትበላለች። ፈንግል የያዛት ማታም ታጣጥራለች፤ አረንጓዴ ያስቀምጣታል፣ አንገቷ ሊጠማዘዝ ይችላል፣ በቀናት ውስጥም ጓደኞቿ ይከተሏታል። ፈንግል መድኃኒት የለውም፤ ያለው ክትባት ነው። ቢሾፍቱ ላይ የሚመረተው ሙቀትን የሚቋቋም ክትባት አንድ ጠብታ በዓይን ይሰጣል፣ በየሦስትና አራት ወሩ ይደገማል። ጎረቤት ተሰብስቦ በአንድ ቀን ማስከተብ ስለሚያዋጣ የቀበሌውን የእንስሳት ጤና ባለሙያ በጥርና በየካቲት፣ በሽታው ሳይቀድም፣ ጠይቁ። «ታማለችና ሳትሞት ትሸጥ» የሚለው ሐሳብ የጎረቤትን መንጋ ይጨርሳል፤ እባካችሁ አታድርጉት።

ሙቀት መትቷት የወደቀች ዶሮ ካገኛችሁ ወደ ጥላ አንሷት። እግሮቿን እስከ ጉልበቷ ቀዝቀዝ ባለ ውኃ ውስጥ ንከሩ፣ አናቷንም በእርጥብ ጨርቅ አብሱ። በረዶ የመሰለ ውኃ ሙሉ ገላዋ ላይ አታፍስሱ፤ በድንጋጤ ልትሞት ትችላለች። ራሷን ማቅናት እስክትችል በአፏ ውኃ አታንቆርቁሩ፤ ወደ ሳንባዋ ይገባል።

ወደ ገበያ ስትወሰድም እንዲሁ አስቡላት። ዶሮ ደረቷንና ሆዷን የሚለይ ድያፍራም የላትም፤ እግሯ ታስሮ ቁልቁል ስትንጠለጠል የሆድ ዕቃዋ መተንፈሻዋን ይጫናል። በላሊበላ የቅዳሜ ገበያ መንገድ ላይ በፀሐይ ለሰዓታት ተንጠልጥላ የምትሄድ ዶሮ ማለክለክ እንኳ አትችልም። በቅርጫት፣ በጠዋት፣ ውኃ አጠጥቶ መውሰድ ክብደቷንም ዋጋዋንም ያተርፋል። ገዝታችሁ ያመጣችኋትን ደግሞ ከነባሮቹ ዶሮዎች ጋር ከመቀላቀላችሁ በፊት ሁለት ሳምንት ለብቻዋ አቆዩ።

ከፋሲካ በኋላ የምትታቀፍ ዶሮ ካለች ጎጆዋን ከቆርቆሮው ቤት አውጥታችሁ በድንጋዩ ቤት ጥግ አድርጉላት። ለ21 ቀን በቀን አንድ ጊዜ ያህል ብቻ ስለምትነሳ ውኃውና ጥሬው አጠገቧ ይሁን። የሚፈለፈሉት ጫጩቶች ነገር ደግሞ ከእናታቸው የተገላቢጦሽ ነው፤ በመጀመሪያው ሳምንት ከ32 እስከ 35 ዲግሪ ሙቀት ይፈልጋሉ። የሙጃ ቀን አያስቸግራቸውም፤ ሌሊቱ ግን ይፈጃቸዋል። እናታቸው ከሌለች ገለባ የተሞላ ሳጥን አዘጋጁና ፀሐይ ሳትጠልቅ አስገቧቸው፤ ክዳኑ ላይ አየር የሚገባበት ቀዳዳ መኖሩን አረጋግጡ።